አየሩ ደረቅ ነው፣ ቧንቧው ግን እርጥብ ነው፦ «ማድረቂያችሁ ሌባ ነው» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

«ማድረቂያችሁ ሌባ ነው» የሚለው ጽሑፍ ለእኔ ብቻ ከአራት ሰው ደርሶኛል። አራተኛው የላከልኝ አብሮኝ የሚሠራ የፈረቃ መካኒክ ነው፤ ከሥሩ «ጋሼ፣ ታዲያ ያቺን የፐርጅ ቫልቭ ለምን አንዘጋትም?» ብሎ ጽፎበታል። ቫልቧ ሳትዘጋ ልድረስ ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ጸሐፊውን አላውቃቸውም። ሥራውን በእጃቸው የነኩ ሰው መሆናቸው ግን ያስታውቃል፤ አጻጻፋቸውም ይጥማል። የሚያወሩት ማሞቂያ ስለሌለው ባለ ሁለት ታወር የአየር ማድረቂያ ነው። ከኮምፕሬሰር የወጣው አየር እርጥበት በሚስቡ የአክቲቬትድ አሉሚና ቅንጣቶች በተሞላው አንዱ ታወር አልፎ ሲደርቅ፣ ሌላኛው ታወር ከደረቀው አየር ላይ በተቆነጠረች ድርሻ እርጥበቱን እያራገፈ ተራውን ይጠብቃል። በየአምስት ደቂቃው ይቀያየራሉ። ያቺ የተቆነጠረች ድርሻ ናት ፐርጅ የምትባለው።

ክርክራቸው ሲጨመቅ ይህን ይመስላል። ድሬዳዋ በረሃ ናት፤ አየሯ ደረቅ ስለሆነ ማድረቂያው ያለበት ግማሽ ሥራ ብቻ ነው። ስለዚህ ስም ሰሌዳው ላይ በደቂቃ 10 ሜትር ኩብ የተጻፈበት ማድረቂያ 13 ቢጫንበት ምንም አይሆንም፤ አምራቾች ሁልጊዜ አሳንሰው ነው የሚጽፉት። የሚገባው አየር ሙቀትም አያሳስብም፤ ሙቅ አየር ደረቅ ነውና። ለፐርጅ የሚሄደው 15 ከመቶ ሌብነት ስለሆነ ቫልቩን በግማሽ ዝጉት። ግፊቱን ከ7 ባር ወደ 5 ባር አውርዱና መብራት ቆጥቡ። በመጨረሻም፣ በረዶ በማያውቅ ከተማ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ የጤዛ ነጥብ (የአየሩ እርጥበት ወደ ጠብታ መለወጥ የሚጀምርበት ሙቀት) ቅንጦት ነው፤ ከቧንቧው ውኃ ካልወጣ አየሩ ደርቋል።

ከበረሃው ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ የቆመው እሱ ላይ ነው።

ሚያዝያ ከሰዓት በኋላ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር ተቀምጦ ላቡ ወዲያው የሚደርቅለት ሰው «አየሩ ደረቅ ነው» ቢል አይፈረድበትም። ኮምፕሬሰሩ ግን አየሩን እንደዚያ ቁጭ ብሎ አይቀበለውም፤ ይጨምቀዋል። 33 ዲግሪ ሙቀትና 35 ከመቶ አንጻራዊ እርጥበት ያለው አየር በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ወደ 12.5 ግራም ውኃ በእንፋሎት መልክ ይይዛል። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የከባቢ አየሯ ግፊት ወደ 0.88 ባር ነው፤ ጌጁ 7 ባር እስኪያሳይ ሲጨመቅ አየሩ ወደ ዘጠኝ እጥፍ ይጠብባል። ዘጠኝ ሜትር ኩብ አየር ከነውኃው አንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ገባ ማለት ነው፤ ወደ 112 ግራም ውኃ። ያ አንድ ሜትር ኩብ በ35 ዲግሪ ሊሸከም የሚችለው ግን 39.6 ግራም ብቻ ነው። ከ70 ግራም የሚበልጠው ፈሳሽ ሆኖ ይወርዳል። የቀረው አየር ደግሞ ውኃ እንደጠገበ፣ 100 ከመቶ እርጥበት ይዞ ማድረቂያው በር ላይ ይቆማል።

እሺ፣ ጸሐፊው የባሰ በረሃ ይምረጡ። 35 ዲግሪና 20 ከመቶ ይሁን። ያው ሒሳብ 71 ግራም ይሰጣል፤ አሁንም ጠግቧል። አየሩ ተጨምቆ፣ ወደ ውጪው ሙቀት ተመልሶ ሳይጠግብ እንዲቀር ከፈለግን የውጪው እርጥበት ከ11 ከመቶ በታች መውረድ አለበት። እንዲህ ዓይነት ሰዓት በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚገኝ ለድሬ ነዋሪ መንገር አያስፈልግም። ስለዚህ ሙቀቱና ግፊቱ እኩል ከሆኑ ለማድረቂያው ድሬዳዋም፣ ጅቡቲም፣ ሐምሌ ላይ ያለች አዲስ አበባም አንድ ናቸው። በረሃው ሥራ የሚያቀልለው ከአየር ማጠራቀሚያው ታንክ ሥር ላለው የውኃ ማውጫ ነው። ማድረቂያው ከዚያ ቅናሽ ምንም አይደርሰውም።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ሳያነሱት የቀሩትን፣ ለእሳቸው የሚጠቅም ነጥብ ላቀብላቸው። ከፍታችን እውነተኛ ፋታ ይሰጣል። ኮምፕሬሰሩ የሚስበው አየር ከባሕር ዳርቻው ይልቅ የሳሳ በመሆኑ፣ ለባሕር ጠለል ከተሰላው 12 ከመቶ ገደማ ያነሰ አየር ነው ወደ ማድረቂያው የሚልከው። ሐረር ላይ ፋታው ከዚህም ይሰፋል። ግን ይህን 12 ከመቶ ለሚቀጥለው ጉዳይ አስቀምጡት፤ በአንድ ጉርሻ ነው የሚያልቀው።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ነጥባቸው፣ ስም ሰሌዳውና ሙቀቱ፣ አንድ ላይ ነው የሚመለሱት። «10 ሜትር ኩብ በደቂቃ» የሚለው ቁጥር ብቻውን አልተወለደም። ብዙ አምራቾች አይኤስኦ 7183 የሚባለውን ዓለም አቀፍ መስፈርት ተከትለው ቁጥሩን የሚሰጡት በ7 ባር ግፊት፣ በ35 ዲግሪ የመግቢያ ሙቀትና በጠገበ አየር ነው። ከሦስቱ አንዱ ሲነካ ቁጥሩም ይቀየራል፤ መመሪያው መጽሐፍ ውስጥ ያለው የማስተካከያ ሠንጠረዥም ለዚሁ የተቀመጠ ነው። 5 ቶን የሚጭን አይሱዙ በመልካ ጀብዱ ሜዳ 6 ቶን ተኩል ይዞ ሊደርስ ይችላል። ያንኑ ጭነት ይዞ በደንገጎ ዳገት ወደ ሐረር ሲወጣ ግን ሌላ ወሬ እንሰማለን። ለማድረቂያ ደንገጎው ሙቀት ነው።

«ሙቅ አየር ደረቅ ነው» የሚለው አባባል ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ውኃ ሳይጨመርበት የተሞቀ አየር አንጻራዊ እርጥበቱ በእርግጥ ይወርዳል። ከአፍተርኩለር፣ ማለትም የተጨመቀውን አየር ከሚያበርደው ማቀዝቀዣ፣ የሚወጣው አየር ግን ከራሱ ውኃ ጋር እየተነካካ ነው የሚመጣው፤ የፈለገውን ያህል ቢሞቅ ጠግቦ ነው የሚሞቀው። የሚፈላ ድስት ውስጥም ያለው አየር ሙቅ ነው፤ ክዳኑን ገልብጦ ማየት ነው።

በጀሪካን እንለካው። በደቂቃ 10 ሜትር ኩብ አየር፣ በ7 ባርና በ35 ዲግሪ ጠግቦ ሲገባ፣ ማድረቂያው ላይ በቀን 71 ሊትር ገደማ ውኃ በእንፋሎት መልክ ይጭንበታል፤ ባለ 20 ሊትሩ ቢጫ ጀሪካን ሦስት ተኩል። የመግቢያው ሙቀት 45 ዲግሪ ሲሆን ያው አየር 118 ሊትር ያህል ይዞ ይመጣል፤ ስድስት ጀሪካን። በውኃው መጠን ብቻ ብናሰላ እንኳ የ10 ማድረቂያ 45 ዲግሪ ላይ የሚችለው ወደ 6 ሜትር ኩብ ወርዷል። ጸሐፊው 13 ጫኑበት የሚሉት በዚህ ላይ ነው። አሉሚና ራሱ ሲሞቅ እርጥበት የመያዝ አቅሙ እንደሚቀንስ፣ አብዛኛዎቹ ማሞቂያ አልባ ማድረቂያዎችም ከ50 ዲግሪ በላይ እንዳይገባባቸው እንደሚከለከል አልጨመርኩም።

45 ዲግሪ ደግሞ የተጋነነ አይደለም። በአየር የሚቀዘቅዝ ጥሩ አፍተርኩለር የተጨመቀውን አየር የሚያወርደው ከክፍሉ ሙቀት 10 ዲግሪ ያህል እስኪበልጥ ድረስ ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ውጪው 35 እና ከዚያ በላይ ሆኖ፣ የኮምፕሬሰር ቤቱ ትኩስ አየር ተመልሶ እየተሳበ፣ የአፍተርኩለሩ ክንፎች በአቧራ ተደፍነው 45 ቢገኝ እንደ ዕድል ይቆጠራል። መብራት መቆጠብ የሚፈልግ ሰው እዚህ ይጀምር፦ ክንፎቹን ማጠብ፣ ትኩሱን አየር በቆርቆሮ ቱቦ ከቤቱ ማስወጣት፣ የመሳቢያውን በር ወደ ጥላው ማዞር።

ወደ ሌባዋ ቫልቭ እንምጣ። ፐርጅ ውድ ነው፤ በዚህ አልከራከርም። የ10 ሜትር ኩብ 15 ከመቶ 1.5 ሜትር ኩብ ነው፤ ይህን ለመጭመቅ ኮምፕሬሰሩ 10 ኪሎዋት ገደማ ይበላል፣ ሌሊትና ቀን። ማድረቂያው በሰዓት ቆጣሪ ብቻ የሚሠራ ከሆነ፣ ጭነቱ ግማሽ በሆነበት ሌሊትም ያው 15 ከመቶ ይሄዳል። ይህን ብክነት ጸሐፊው ሌብነት ቢሉት እስማማለሁ። መፍትሔውም አለ፦ የጤዛ ነጥብ እየለካ ታወሩ በእርግጥ እስኪጠግብ ድረስ መቀያየሩን የሚያዘገይ መቆጣጠሪያ አለ። ይህ አቅም ለሌለው ደግሞ ኮምፕሬሰሩ ሲቆም ፐርጁም እንዲቆም በአንድ ሽቦ ማገናኘት ይቻላል።

ቫልቩን በግማሽ መዝጋት ግን ሌላ ነገር ነው። እርጥቡን ታወር የሚያደርቀው የፐርጁ ክብደት ሳይሆን የሚይዘው ስፍራ ነው። ደረቁ አየር ግፊቱ ወደ ከባቢ አየር ሲወርድ ይነፋል፤ የተነፋው አየር ቢያንስ በግፊት ላይ ሳለ በታወሩ ያለፈውን አየር ያህል ስፍራ መሙላት አለበት፣ ያለዚያ የገባውን ውኃ ይዞ መውጣት አይችልም። ባሕር ጠለል ላይ ይህ ከስምንት አንድ፣ 12.5 ከመቶ ነው። ድሬዳዋ ላይ አየሩ ትንሽ የበለጠ ስለሚነፋ ወደ 11 ከመቶ ይወርዳል፤ ይህችንም ለጸሐፊው ቆጥሬላቸዋለሁ። ሥራ ላይ ያለው 15 በዚህ ላይ ትንሽ መጠባበቂያ ጨምሮ ነው። በሙሉ ጭነት ግማሹን ዘግቶ 7.5 ላይ የተቀመጠ ሰው ከመጠባበቂያው አልፎ ከሒሳቡ ወለል በታች ገብቷል።

ጸሐፊው «ዘግተን ሳምንት ሙሉ ምንም አልሆነም» ይላሉ። አምናቸዋለሁ። እንዲያውም የነገሩ ተንኮል ያለው እዚያ ነው። በየዙሩ ሳይወጣ የቀረችው እርጥበት ታወሩ ውስጥ ትቀመጣለች፤ የሚቀጥለው ዙር ሌላ ይጨምርባታል። የሱቅ ዱቤ ነው፤ ባለሱቁ ዝም ያለው እየጻፈ ስለሆነ ነው። የእርጥበቱ ግንባር በአሉሚናው ውስጥ በቀን ጥቂት ጣት እየተጓዘ መውጫው ላይ እስኪደርስ የሚወጣው አየር ደረቅ ነው። ከደረሰ በኋላ ቫልቩን መልሶ መክፈት ወዲያው አያድንም፤ የተጠራቀመውን ለማውጣት ጭነት ቀንሶ ለቀናት ማሠራት ይጠይቃል።

በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፉት «የመቀያየሪያውን ሰዓት ማርዘም» የሚለው ምክርም ከዚሁ ወገን ነው። አሉሚና እርጥበት ሲይዝ ሙቀት ይለቃል፤ ማሞቂያ አልባው ማድረቂያ ያንን ሙቀት ታወሩ ውስጥ አቆይቶ እርጥበቱን ለማራገፍ መልሶ ይጠቀምበታል። ዙሩ አጭር የሆነውም ለዚህ ነው። በሙሉ ጭነት ሲረዝም ሙቀቱ ከአየሩ ጋር ወጥቶ ይሄዳል።

አሁን ግፊቱ። ከጸሐፊው ምክሮች ሁሉ ከላይ ሲታይ የሚያምረው ይህ ነው፤ ግማሹም እውነት ነው። ግፊትን በ1 ባር መቀነስ የኮምፕሬሰሩን ፍጆታ 7 ከመቶ ገደማ እንደሚቀንስ በሙያው የታወቀ ነው፤ 5 ባር የሚበቃው ማሽን ይዞ 7 ባር መጭመቅ ገንዘብ ማቃጠል ነው። ማድረቂያው ግን በዚህ ስምምነት ላይ አልተጠየቀም። ከ7 ወደ 5 ባር ሲወረድ ያው አየር ሲሶ የሚጨምር ስፍራ ይይዛል፤ ስለዚህ ሲሶ የሚጨምር ውኃ ተሸክሞ፣ ሲሶ በሚጨምር ፍጥነት ቅንጣቶቹን ያቋርጣል። ለማራገፍ የሚፈለገው ፐርጅ ከ11 ወደ 15 ከመቶ ይወጣል፤ የፐርጁ ቀዳዳ ግን ግፊቱ ስለወረደ የሚያሳልፈው በሩብ ይቀንሳል። የጸሐፊውን ሁለት ምክሮች አንድ ላይ የፈጸመ፣ ቫልቩንም በግማሽ የዘጋ ግፊቱንም ወደ 5 ያወረደ ሰው፣ ማድረቂያው ከሚፈልገው ፐርጅ ግማሹን እንኳ አያገኝም። ሁለቱ ምክሮች በአንድ ገጽ ላይ ተጽፈው እርስ በርሳቸው አልተያዩም።

ስለ ፍጥነቱ ትንሽ ልቆይ፤ በዓይኔ ያየሁት ስለሆነ። ከዓመታት በፊት በሠራሁበት አንድ ፋብሪካ የአቧራ ማጣሪያ ከረጢቶቹን የሚያራግፈው በማድረቂያው ያለፈ አየር ነበር። አንድ ቀን መብራት ሄዶ ለሰዓታት ቆየ፤ መስመሩ በየመገጣጠሚያው እየተነፈሰ ባዶ ሆነ። መብራቱ ሲመለስ ሁሉም ጠፍቶ የነበረውን ምርት ለማካካስ ይጣደፋል፤ ሦስቱም ኮምፕሬሰሮች አከታትለን አስነሳን፣ የማድረቂያው መውጫ ቫልቭ ወለል ብሎ እንደተከፈተ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለእኛ ነው። መስመሩ 2 ባር ላይ ሳለ፣ ሙሉው የኮምፕሬሰሮቹ አየር በታወሩ የሚያልፈው በ7 ባር ከሚኖረው ፍጥነት ሁለት ተኩል እጥፍ በሚበልጥ ፍጥነት ነው። አየሩ ከታች ወደ ላይ ነበር የሚሄደው። ቅንጣቶቹ ተነሥተው እንደ ምጣድ ቆሎ እርስ በርስ እየተፋተጉ መንተክተካቸውን ያኔ አላወቅንም።

ያወቅነው ቆይቶ ነው። በመጀመሪያ የመውጫው ፊልተር ቶሎ ቶሎ መደፈን ጀመረ። ከዚያ የከረጢቶቹን አየር የሚለቁት በኤሌክትሪክ የሚከፈቱ ሶሌኖይድ ቫልቮች አንድ ባንድ ተጣበቁ፤ ስንፈታቸው ነጭ ዱቄት። አቧራ በሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ ነጭ ዱቄት ማን ይጠረጥራል? ከረጢት ተቀዷል ብለን ሁለት ቀን ከረጢት ስንፈትሽ ዋልን። በኋላ አንድ አንጋፋ መካኒክ ዱቄቱን በጣቱ አሽቶ «ይኼ የኛ አይደለም፣ ይኼ ከታወሩ ነው» አለ። የታወሩን ክዳን ስንከፍት አሉሚናው ስንዝር ያህል ሰጥሞ ነበር፤ የጎደለው ተፈጭቶ በየቫልቩ ተበትኗል። ከዚያ ቀን ጀምሮ መብራት ሲሄድ መጀመሪያ የሚዘጋው የማድረቂያው መውጫ ቫልቭ ሆነ፤ መብራቱ ሲመለስም ግፊቱ ከ6 ባር እስኪያልፍ ይጠበቅና ቫልቩ ቀስ ተብሎ ይከፈታል። ይህን በራሱ የሚሠራ የዝቅተኛ ግፊት መጠበቂያ ቫልቭም በገበያ አለ። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ከየትኛውም ቁጠባ በፊት እሱን አስገባ ነበር።

እና 5 ባር ብቻ የሚፈልግ ፋብሪካ ምን ያድርግ? ማድረቂያውን በ7 ባር አሠርቶ ከማድረቂያው በኋላ የግፊት መቀነሻ ይግጠም፤ የኮምፕሬሰሩን ቁጠባ አያገኝም፣ በመስመሩ የሚያፈስሰው ግን ይቀንስለታል። ሙሉውን ቁጠባ የሚፈልግ ለ5 ባር የተመረጠ ትልቅ ማድረቂያ ይግዛ። ሦስተኛ መንገድ አላገኘሁም።

በረዶ በሌለበት ከተማ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ለምን ለሚለው፣ ከጸሐፊው ነጥቦች ሁሉ የምቀበለው ይበዛል። ለመቆጣጠሪያ መሣሪያ አየር በሰፊው የሚጠቀሰው የአሜሪካ መስፈርት የሚጠይቀው በመስመሩ ግፊት ላይ ያለው የጤዛ ነጥብ ከአካባቢው ዝቅተኛ ሙቀት 10 ዲግሪ እንዲያንስ፣ ከ4 ዲግሪ ደግሞ እንዳይበልጥ ነው። በዚህ ሚዛን ለድሬዳዋ ብዙ ሥራ 3 ዲግሪ የሚሰጠው ባለ ማቀዝቀዣ ማድረቂያ ይበቃል፤ ጎሚስታና ጋራዥ ከዜሮ በታች 40 ከገዛ በእርግጥ አታሎታል ሻጩ። ይህ ግን ከመግዛት በፊት የሚነሳ ጥያቄ ነው። ለከዜሮ በታች 40 የተሠራውን ማድረቂያ ከአቅሙ በላይ በመጫን 3 ዲግሪ ማግኘት አይቻልም፤ ጠዋት ከዜሮ በታች 30፣ ከሰዓት 10፣ ማታ እንደገና ሌላ የሚያሳይ፣ ማንም የማያምነው ማሽን ነው የሚገኘው።

«ውኃ ካልወጣ ደርቋል» የሚለውን ግን ልቀበል አልችልም። 60 እና 70 ከመቶ እርጥበት ያለው አየር ጠብታ አያሳይም፤ የብረት ቧንቧ ግን ያዝጋል። መውጫው ላይ ውኃ የታየ ዕለት ደግሞ አሉሚናው ከዳር እስከ ዳር ጠግቧል። የጤዛ ነጥብ መለኪያ ውድ ከሆነ ቀለሙን የሚቀይር የእርጥበት ማሳያ መስታወት አለ፤ መቶ ዓይነት ክርክር ይቆጥባል።

ስለ ፊልተሩ የጻፉት ከሞላ ጎደል ልክ ነው፤ በቀን መቁጠሪያ ሳይሆን በግፊት ልዩነት ጌጅ ይቀየር ማለታቸውን እደግፋለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ ዘይት የገባበት አሉሚና በፐርጅ አይታጠብም፤ ተደፍቶ ነው የሚቀየረው።

ለጠየቀኝ ልጅ የመለስኩለት አጭር ነው። ቫልቧን አትንካት፤ ነገ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ የማድረቂያውን መግቢያ ቧንቧ ሙቀት ለካና ላክልኝ አልኩት። የቴርሞሜትሩን ፎቶ ላከ፤ 47 ይላል። ቅዳሜ አፍተርኩለሩን እናጥባለን፤ እስከዚያ አንዱን ኮምፕሬሰር ከሰዓት በኋላ እናሳርፈዋለን።